ከቬሎዬ የተቆረጠው ጭራ

አክስቴ ካረፈች ወር ሞላት። ባለፈው ቅዳሜ ቁም ሣጥኗን ሳጸዳ ከካፖርቶቿ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነጭ ሳቲን አገኘሁ። ገና ሳልፈታው አወቅሁት። የጠመኔና የካውያ እንፋሎት ሽታው አልለቀቀውም፤ ወይም ለእኔ መሰለኝ። ከቬሎዬ የተቆረጠው ጭራ ነበር።

«እትዬ» ነበር የምላት። ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ ባሏ ትቷት ሲሄድ፣ እናቴ ካሏት አራት ልጆች እኔን ሰጠቻት፤ በስምንት ዓመቴ እሷ ወደምትኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ መጣሁ። ፀጉሬን የሠራችልኝ፣ ስታመም ከሥራ የቀረችልኝ፣ መኪና መንዳት እየጮኸች ያስተማረችኝ እሷ ናት። እማ የምላት ግን አዲስ አበባ ያለችውን ብቻ ነበር። እትዬ አንድ ቀን እንኳ «እስቲ እማ በይኝ» ብላኝ አታውቅም። እኔ ደግሞ ካልጠየቁኝ የማልሰጥ ልጅ ነበርኩ።

እትዬ የምትሠራው ከቤታችን ብዙ በማትርቀው አሌክሳንድሪያ፣ አንዲት አሮጊት ኢራናዊት የልብስ ስፌት ሱቅ ውስጥ ነበር። ከመተኮሻው በላይ፣ እንፋሎት ጠርዙን ያጨማደደው የድሮ ንግሥታቸው ፎቶ ተሰቅሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ይዛኝ ስትሄድ ሴትዮዋ የንግሥቲቱን ታሪክ ሳይሰለቻት ትነግረን ነበር። የተዳረችው በበረዶ ወራት፣ ገና ከሕመሟ ሳታገግም ነው። ቀሚሷ ከመክበዱ የተነሣ መራመድ ስላቃታት፣ ከውስጥ የሱፍ ካልሲ አድርገውላት፣ ጭራውን በመቀስ ቆርጠው አቆሟት። ከዓመታት በኋላ ግን ልጅ ስላልወለደች ንጉሡ እያለቀሰ ፈታት። እዚህ ላይ ሲደረስ እትዬ ክሩን በጥርሷ በጠስ ታደርግና «የእኔው እንኳ አላለቀሰም» ትላለች። ሁለቱም ይስቃሉ። እኔም እስቅ ነበር፤ ምን አውቄ።

ሳገባ ቬሎዬን የሰፋችው እትዬ ናት። አምስት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ ጭራው ላይ ዶቃ በዶቃ ስትደረድር ዓይኗ ቀላ። እናቴም ለሠርጉ ቪዛ አግኝታ መጣች።

የሠርጉ ጠዋት ይዘንብ ነበር። ጠባቧ አፓርታማችን በሰውና በሽቶ ጢም ብላለች፤ ሚዜዎቼ ይዘፍናሉ። ከመኝታ ክፍል ልወጣ ስል ጭራው በሩ ላይ ያዘኝ። ብስበው፣ ብጎትተው ወይ ፍንክች።

«አትነቃነቂ!» አለችና እትዬ ከኋላዬ ተንበረከከች። መቀሱ ወፍራሙን ሳቲን ክርች ክርች ሲያደርገው ሰማሁ።

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ለንግሥቲቱም ተቆርጦላታል። ቀጥ ብለሽ ቁሚ።»

የአምስት ወር ልፋቷን ነበር የምትቆርጠው።

ቪዲዮ አንሺው አላስቆመንም። «ጉልበት መሳም ብቻ ነው የቀረን! ሊሞዚኑ ዌይት እያደረገ ነው! እናት፣ ወደ ካሜራው!» እያለ ጮኸ። እናቴ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ሳምኩ። መረቀችኝ፣ ተላቀስን። ቪዲዮ አንሺውም «ሌላ የሚሳም አለ?» አለ።

ዞር ብዬ አየሁ። እትዬ አሁንም መሬት ላይ ተንበርክካ የቆረጠችውን ጠርዝ በስፒል ታያይዛለች። ቀና አላለችም። «የለም፣ ጨርሰናል» አለች፣ ስፒሉን በጥርሷ እንደያዘች። «በይ ሂጂ፤ ይረፍድብሻል።»

ሄድኩ። እንዲያውም ቀለል አለኝ። እናቴ ቅር እንዳይላት ፈርቼ ነበር። እትዬ ቅር ሊላት እንደሚችል ግን ጨርሶ አላሰብኩም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው። ዛሬም ድረስ ያንን ቪዲዮ ከፍቼ ማየት ያሳፍረኛል።

ከማረፏ በፊት ሆስፒታል ተኝታ «እግሬን በረደኝ» ስትለኝ የሱፍ ካልሲ ገዝቼላት ሄድኩ። ላጠልቅላት ብርድ ልብሱን ስገልጥ ጉልበቶቿን አየሁ። የልጅ ጉልበት አክለዋል። ጎንበስ ብዬ አንዱን ሳምኩ፣ ከዚያም ሌላውን።

ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ዛሬ ነው እንዴ የምታገቢው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማ» አልኳት።

እጇን ራሴ ላይ ጣል አደረገች። «በይ ሂጂ፤ ይረፍድብሻል።»

ያን ቀን ግን አልሄድኩም።