ልጁ ያደገው መቼ ነው?

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አያ ቢተው አንድ የማላውቃቸው እንግዳ አስከትለው ገብተው መደቡ ላይ እንደተቀመጡ፣ ልጄን ብርቄን «እስቲ ከምንጩ ቀዝቃዛ ውሃ ቅጂልን» ሲሏት፣ የምስሩን ሰፌድ አስቀመጥሁ። ቤት ውስጥ ውሃ ሞልቷል፤ እሳቸውም እያዩት ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ለትምህርት ቤት የታዘዘችውን አሮጌ ልብወለድ አንዴ ጨርሳው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ለእኔ እያነበበችልኝ ነበር፤ መጽሐፉን ደፍታ ጀሪካኑን አንስታ ወጣች። እንግዳው ከኋላዋ አረማመዷንና ትከሻዋን ተመለከቱ፣ ገበያ ላይ ጊደር እንደሚያይ ሰው።

«እናቷን ትመስላለች» አሉ።

«እናቷማ በእሷ ዕድሜ አማት ቤት ገብታ ነበር» ብለው አያ ቢተው ሳቁ።

ልጄን ሊድሯት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አስተያየቱን አውቀዋለሁ፤ አንድ ቀን እኔም ላይ ወድቋል።

ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርሁ። ትምህርት ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ በባሕር ዛፍ የተከበበ፣ ሲዘንብ ቆርቆሮው የመምህሩን ድምፅ የሚውጥ፣ ክረምት ላይ እርጥብ ጋቢና በኪሳችን የደበቅነው ቆሎ የሚሸትበት አንድ ረጅም ቤት ነበር። አርብ አርብ መምህራችን ያንኑ ልጄ የምታነበውን ልብወለድ ያነቡልን ነበር፤ ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለነበር ስሙን አላውቀውም ነበር፣ ብርቄ የወፍጮ ቤቱን ልጅ ስትጠራው ነው የለየሁት። አባቱ የሞተበት፣ ዱቄት ለብሶ የሚውል፣ አጎቱ የሚያዘው ልጅ ነው። አንድ አርብ መምህሩ መጽሐፉን ጣታቸው ላይ ዘግተው «ይህ ልጅ የሚያድገው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን። አንዱ «እርፍ ሲጨብጥ» ቢል፣ «ወፍጮ ቤት ውስጥ እርፍ ከየት አምጥቶ?» አሉት። ሌላው «ጢም ሲያወጣ» ቢል፣ «እንግዲያማ ፍየሌ ቀድማሃለች» ብለው አሳቁን። እኔ «ከባድ ነገር ሲሸከም» አልሁ። ትንሽ አዩኝና፣ «መሸከምማ አህያም ይሸከማል። ሰው የሚያድገው የሚሄድበትን ራሱ የመረጠ ዕለት ነው። ያችን ዕለት ለአርብ አቆይቻታለሁ» አሉ።

አርብ ሳይደርስ እንግዶች መጡብን። አባቴ ውሃ ቅጂ ብለው ሲልኩኝ፣ የእኔ ትንሿ እንስራ እያለች፣ ሰው ፊት ጎበዝ ለመባል የእናቴን ትልቁን እንስራ ሞልቼ፣ ያን ዳገት ጠብታ ሳላፈስ ወጣሁት። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያይተው «በቃ፣ ደርሳለች» ሲሉ ጉልበቴን ያደነቁ መስሎኝ ደስ አለኝ። እናቴ ብቻ ፊቷን አዞረች። አዲስ ቀሚስ ሲሰፋልኝም ለትምህርት ቤት መስሎኝ ለጓደኞቼ ሁሉ አውርቼ ነበር። አርብ ቀሚሱን ለብሼ በበቅሎ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አለፍሁ፤ ከውስጥ የመምህሩ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ወንዝ ተሻግሮ እንደሄደ የነገረችኝ ዘንድሮ ብርቄ ናት። ያን ሁሉ ዓመት ጠብቄ የሰማሁት ይኸው ነው።

አያ ቢተውና እንግዳቸው ሲወጡ ባለቤቴን ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ «አያን እንዴት አድርጌ እምቢ እላቸዋለሁ? ከፋሲካ በኋላ ነው ያሉት» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ታላቁን እምቢ ማለት አያውቅበትም፣ ያ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ነው ብዬ አንዲት ዶሮ አንጠልጥዬ፣ ልጄን አስከትዬ ቡሬ ወረድሁ። ገበያው አፍ ላይ አያ ቢተው ቆመዋል።

«ልጅቱን ምን ይዘሻት መጣሽ?»

«ዶሮዋን እንድትይዝልኝ ነው» አልሁ። ዶሮዋ እኔ እጅ ላይ ነበረች። አንዴ ዶሮዋን አንዴ እኔን አይተው «እንግዲያ አሸክሚያት፣ ትልመድ እንጂ» ብለው ወደ እህል ተራው ዞሩ። ቶሎ ብለን መናኸሪያ ገባን። የፍኖተ ሰላሙ ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ፣ በመስኮቱ ባለፈ ሰው ሁሉ ደነገጥሁ፤ ረዳቱ ደግሞ «እናት፣ ዶሮዋም ሒሳብ ትከፍላለች?» እያለ ሰው ሁሉ ወደ እኛ እንዲዞር ያደርጋል።

ፍኖተ ሰላም እህቴ እታለማሁ በር ላይ ተቀበለችን። ጤና ጣቢያ በጽዳት ሠርታ ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ነገሩን ስነግራት ብዙም አልጠየቀችኝ። «ሰኞ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ። ልውሰዳት የሚል ካለ እኔን ያናግር። አንቺ ግን ቁጭ በይ፣ ከንፈርሽ ደርቋል።»

አሁን ይህን በእህቴ ልጅ ደብተር ላይ፣ በዚህ በማይረባ ጽሕፈቴ ስሞነጫጭር፣ ብርቄ ከአክስቷ ልጆች ጋር ግቢው ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ እየዘለለች፣ መስመር ረገጥሽ አልረገጥሁም እያለች ትጣላለች። በአሥራ አራት ዓመቴ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ እኔ ምን ዓይነት ልጅ እሆን እንደነበር የሚነግረኝ የለም። ከልጅነት ወደ ሚስትነት የገባሁት በአንድ ቀን የበቅሎ መንገድ ነው፤ መሐሉ ላይ ሌላ ዕድሜ እንዳለ ያየሁት ዛሬ፣ በልጄ ነው። ቤቴ ስመለስ ምን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም፣ ያንን እፈራለሁ። ብርቄ ግን እህቴ ዘንድ ናት፤ ማንም አይወስዳትም። ደኅና ገብተናል።