በእስክሪብቶ የተጻፈ ጉም

ባለፈው እሑድ ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት በስልኳ መስቀለኛ ቃላት ትሞላ ነበር። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር አንገቴን አስግጌ አየሁላት። አንድ ቃል ሞላች፤ አልጣማትም መሰል በአውራ ጣቷ ነካ ስታደርገው ጠፋ። ሳጥኖቹ ምንም እንዳልተጻፈባቸው ነጭ ሆኑ።

«በቃ? ጠፋ?» አልኳት።

«አዎ አባባ፣ ዲሊት አደረግኩት» ብላ ሳቀች። «ይሞክሩታል እንዴ?»

«ተይኝ ልጄ፤ እኔ አንዴ ሞልቼ ወጥቶልኛል።»

ቀልድ መሰላት። እኔ ግን የቀረውን መንገድ የተጓዝኩት ሌላ ዘመን ውስጥ ሆኜ ነው።

ያኔ ጋዜጣ እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ ነበር። እኔና ታናሽ እህቴ ዘነበች የምንኖረው ከእንጦጦ ግርጌ፣ ወላጆቻችን ትተውልን ባለፉት የጭቃ ቤት ነው። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፈልኝም፤ ለአጥርና ለቤት የሚሆን አጣና ከጋራው እያወረድኩ ሾላ ገበያ እሸጥ ነበር። እሷ ደግሞ በሰው ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በሰው የስፌት መኪና ትሰፋለች።

ገበያው አጠገብ ጋሽ ንጋቱ የሚባሉ ጋዜጣ አከራይ ነበሩ። ላስቲክ ዘርግተው ጋዜጦቹን ይደረድራሉ፤ እኛ በሳንቲም ተከራይተን፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አንብበን እንመልሳለን። ሕጋቸው አንድ ነው፦ «ጋዜጣ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም!» ስለዚህ የመስቀለኛ ቃላት ወዳጆች የምንሞላው በጭንቅላታችን ነበር። የባሰበት አፈሩ ላይ በስንጥር ሳጥን ይሥላል። መልሱ የመጣለት ሰው ጮክ ብሎ ከተናገረ ግን የሚወርድበት ስድብ አይጣል ነው።

በዚያ ዓመት በጥቅምት ዘነበች ዓረብ አገር ልትሄድ ተነሣች። አንድ ደላላ ፓስፖርት አስወጥቶላት፣ «ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ፈርመሽ በሳምንቱ ትበሪያለሽ» ብሏታል። እንዳትሄድብኝ እፈልጋለሁ። ነገር ግን አትሂጂ ብዬ ምን ላደርግላት? ቃሉ አፌ ድረስ ይመጣና ተመልሶ ይገባል።

ልክ በዚያው ሰሞን አንዱ ጋዜጣ ከባድ መስቀለኛ ቃላት አወጣ። በትክክል ከሞሉት መካከል በዕጣ ለአንድ ሰው የስፌት መኪና እሸልማለሁ ይላል። መልሱ ከጋዜጣው ላይ የተቆረጠ፣ በእስክሪብቶ የተሞላ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት፣ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን የደረሰ መሆን አለበት።

ለዘነበች ስነግራት፣ «መኪናው ከወጣልኝማ የት እሄዳለሁ» አለች። የምሯን ይሁን እያሾፈች አልገባኝም።

እኔ እስክደርስ ጋዜጣው አልቋል። ጋሽ ንጋቱ ዘንድ የቀረችው አንዲት ቅጂ ብቻ ነበረች፤ እሷም ላይ ማንነቱ ያልታወቀ አንባቢ ጽፎባታል።

«እጁ ይሰበር! ጋዜጣዬን ደብተሩ አደረጋት!» አሉ በንዴት። «ለኪራይ አትሆነኝም፣ ውሰዳት አንተ።»

የተጻፈው ባማረ የእጅ ጽሑፍ፣ በጥቁር እስክሪብቶ፣ አንድ ቃል ነው፦ «ጉም»። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ከአንዱ ተገላገልኩ። ሰው የሚጠራጠረውን በእርሳስ ነው የሚሞክረው፤ በእስክሪብቶ የሚጽፍ ሰው እርግጠኛ ቢሆን ነው። ጥያቄውን እንኳ አላነበብኩትም።

ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ እኔና ዘነበች ባቄላ እሸት እየፈለፈልን በእርሳስ ስንሞላ ሰነበትን። ዓርብ ላይ አንድ ቃል ብቻ ቀረ፤ ቁልቁል የሚወርድ፣ አምስት ፊደል። «እንግዳ ሆኖ መጣ፤ የባለቤቱን ምንጭ ጠጥቶ አደረቀ፤ እስከ ዛሬም አልሄደም» ይላል። መጀመሪያው «ባ» ነው። አራተኛው ከዚያ ከጉም ላይ የሚወርደው «ም»።

«ባ... ም... ባምባ?» አለች ዘነበች።

«ባምባማ ሦስት ፊደል ነው፤ ደግሞም ቢደርቅ እንጂ አያደርቅም።»

«እንግዲያው ያንተ ጋዜጠኛ አብዷል» ብላ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረች። የምትከተው ልብስ ጥቂት ነበር፤ እያንዳንዱን ስታጥፍ ግን ትዘገያለች።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ጋራ ወጣሁ። ሥራዬን ብዬ ሳይሆን ደላላው ሲመጣ ላለማየት ይመስለኛል። አጣናዬን ተሸክሜ ቁልቁል ስወርድ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ረጥቦ ብርዱ አጥንቴ ገባ። ቆምኩ። ከኋላዬ ሣሩ ላይ የእግሬ ዱካ ጥቁር መስመር ሠርቷል። ወረቀቷን ከኪሴ አውጥቼ፣ ሳምንቱን ሙሉ የዘለልኩትን ያን የጉም ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት።

«ሌሊት ይመጣል፤ ይረግጡታል፤ ፀሐይ ስታየው ይሞታል።»

ጉምን ማን ረገጠው? ጤዛ ነው እንጂ! «ም» ወጣ፣ «ዛ» ገባ። ባ፣ ሁለት ባዶ፣ ዛ፣ ባዶ። ትከሻዬ ላይ የተሸከምኩትን ዞር ብዬ አየሁት። ባሕር ዛፍ! እናታችን ትቀዳበት የነበረውን ምንጭ ጠጥቶ ያደረቀው፣ እኔን በየቀኑ የሚያጎብጠኝ፣ ከሰው አገር የመጣ እንግዳ። አጣናውን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ ግን ደስታዬ ከሰመ። ጉም በእስክሪብቶ ነው የተጻፈው፤ ስርዝ ድልዝ ደግሞ አይቀበሉም። ሌላ ጋዜጣ የለም። ዘነበች ነገሩን ስትሰማ ምላጭ አነሣች፤ ወረቀቷን በርጩማ ላይ ዘርግታ በምላጩ ጫፍ ቀለሙን ትፍቅ ጀመር። የጋዜጣ ወረቀት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው፤ ትንሽ ከጠነከረባት ይቀደዳል።

«ጉ» ለቀቀ። «ም» ላይ ስትደርስ ደላላው የመኪና ቁልፍ እያሽከረከረ በሩ ላይ ቆመ።

«እህት፣ መኪና ቆሟል እኮ። ሰው እየጠበቀሽ ነው።»

«ዝም በል፣ እጄን ታንቀጠቅጠዋለህ።»

«ምንድን ነው እሱ? ጨዋታ?» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ንገራት እንጂ!»

መናገርማ ነበረብኝ። የእህቴን እጅ ብቻ እመለከታለሁ።

«ተራሽን ለሌላ ሰው ልሰጥ ነው።»

«ስጥ» አለች፣ ዓይኗን ከምላጩ ሳታነሣ።

ትቶን ሄደ። የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ «ም»ን ፍቃ ጨረሰች። ከዚያ የተፋቀውን በጥፍሯ ጀርባ እያሸች አለሰለሰችው፣ ቀለም እንዳይሰራጭበት። ወደ ብርሃን ስታነሣው ሳስቷል፤ ግን አልተቀደደም። «ጤዛ» ብላ ጻፈች። የቀረውንም ሁሉ በእስክሪብቶ ሞልታ ቆርጣ ሰጠችኝ። እየሮጥኩ መገናኛ፣ ከመገናኛ በታክሲ ፒያሳ። የጋዜጣው ቢሮ ዘበኛ በሩን ሊዘጋ ሲል መልስ መቀበያው ሳጥን ውስጥ ጨመርኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ጋዜጣው አልወጣም። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ጋሽ ንጋቱ እጃቸውን አራግፈው፣ «ተዘጋ አሉ» አሉኝ። በዚያ ዘመን ጋዜጣ እንዲህ ነው፤ በድንገት ይወጣል፣ በድንገት ይጠፋል። የስፌት መኪናው ለማን እንደደረሰ፣ መኖሩንም እንኳ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዘነበች ለዓመታት በሰው መኪና ሰፋች፤ የራሷን የገዛችው ፀጉሯ መሸበት ሲጀምር ነው።

እሑድ ዕለት ኮንዶሚኒየሟ ስደርስ በዚያው መኪና የጎረቤት መጋረጃ ትሰፋ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ያገኘኋትን ልጅ ነገር አጫወትኳት።

«እስካሁን ያ መኪና ይቆጭሃል?» አለችኝ።

«መኪናውስ ይቅር። ሄደሽ ቢሆን ኖሮ ይሻልሽ ነበር ወይ እያልኩ ነው እንጂ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «አንተ ሰውዬ፣ ሽልማቱን የጠበቅኩ መስሎሃል? አትሂጂ ማለት አቅቶህ ሳምንቱን ሙሉ ሳጥን ስትሞላ አየሁህ። በመጨረሻም እንጀራህን፣ አጣናውን፣ ጋራ ላይ ጥለህ፣ እስከ ጉልበትህ በስብሰህ መጣህ። ከዚያ በኋላ ወዴት ልሄድ?» አለችና የመኪናውን እጀታ ማሽከርከር ቀጠለች።

ስመለስ በሚኒባሱ መስኮት እንጦጦን አየሁት፤ ጉም ለብሷል፣ የእውነት ጉም። ያን ቃል ሳልናገረው ቀረሁ ብዬ ይህን ሁሉ ዘመን ስቆጭ፣ እሷ ለካ ባዶውን ሳጥን አንብባው ኖሯል።