የገበያ ቀን አድማ

በደርግ ጊዜ ጨፋ ሮቢት አጠገብ ባለች መንደር መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ትምህርቱን በገበያ ቀን ስላደረገው ተማሪዎቼ ሁሌ ያጉረመርማሉ።

አንድ ቀን «አድማ» የሚለውን ቃል አስተማርኳቸው። «በንጉሡ ጊዜ ሠራተኞች በደል ሲበዛባቸው ተስማምተው ሥራ ያቆሙ ነበር» አልኩ።

«አሁንስ ልጄ?» አሉኝ እማማ ዘሀራ፣ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ።

«አሁንማ መንግሥት የራሳችን ነው፤ በማን ላይ ይታደማል?» ብዬ ሰሌዳውን ቶሎ ጠረግሁ።

«ገባኝ፣ አላህ ያኑርህ» አሉኝ።

በሳምንቱ አንድ ተቆጣጣሪ ሊፈትናቸው ከከሚሴ መጣ። ይዤው ብገባ ክፍሉ ባዶ ነው። ሰሌዳው ላይ በተንጋደደ ፊደል «አድማ ላይ ነን። ገበያ ነው።» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ሁሉም በየእጃቸው ስማቸውን ጽፈዋል፤ መጀመሪያ እማማ ዘሀራ!

ደንግጬ ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ሰውየው ያዘኝ።

«ራሳቸው ናቸው የጻፉት?»

«አዎ…»

«ሲጀምሩ ፊደል ያውቁ ነበር?»

«ወላሂ፣ አንዳቸውም!»

ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከዚያ በሩን ገርበብ አደረገና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ፈተናውን ሁሉም አልፈዋል። በል አሁን አጥፋው!»