የታላቅ እህቴ ላም

ቅዱሳን፣ ዛሬ ዝም ብዬ ዘምሬ ቤቴ ልግባ ብዬ ነበር፣ እግሬ እምቢ አለኝ። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። ክብር ለስሙ ይሁን። ምስክርነቴ ግን ማር ማር አይልም፤ ይመራል፤ ታገሡኝ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ እዚሁ ደባርቅ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ። ባለቤቴ በቅሎ እያከራየ እንግዳ ወደ ተራራው የሚያወጣ ሰው ነው። ፈረንጅ ሲመጣ እንበላለን፣ ሲቀር እንበደራለን። ገቢው ሲቀንስ ወጪው አብሮ ቢቀንስ ምን ነበረበት? አልቀነሰም። ማኅበሩ አለ፣ ክርስትናው አለ፣ የጎረቤት ሰርግ አለ። ከሱቅ በዱቤ ወስጄ ለሰው ስጦታ ይዤ እሄድ ነበር። ልጆቼ ሽሮ ያለ ዘይት ይበላሉ፤ እኔ ሰርግ ቤት በአዲስ ቀሚስ ከፊት እቀመጣለሁ። እንዲህ ነበርኩ፣ ወገኖቼ።

አማቴ ሲያርፉ ጉዱ መጣ። ተዝካራቸው ሲቃረብ የያኔው የነፍስ አባታችን ቤታችን መጡና፣ «ልጄ፣ ለሟች የሚጠቅማቸው ጸሎቱ ነው። አቅማችሁን እወቁ። ለነዳያን ንፍሮና ዳቦ ብታደርሱ ይበቃል» አሉን። እውነት ነበር የተናገሩት፤ ዛሬም እግዚአብሔር ይስጣቸው እላለሁ። እኔ ግን በሆዴ «የሰው ሁሉ ተዝካር በሬ እየታረደበት፣ የእኛ በንፍሮ?» አልኩ። የእቁብ ዳኛው ዘንድ ሄጄ እጣዬን አስቀድሙልኝ ብዬ ለመንኩ። «ዋስ አምጪ» አለኝ።

ታላቅ እህቴ ዳባት ነው የምትኖረው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በአንዲት ላም ነው፤ ወተቷን ለሻይ ቤቶች ትሸጣለች። ሄድኩና «እታለም፣ ዋስ ሁኚኝ» አልኳት።

«ትከፍያለሽ?» አለችኝ።

«ፈረንጅ መምጣቱ አይቀር፤ እከፍላለሁ» አልኳት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። መጥታ ፈረመች።

በሬው ተጣለ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ አገሩ በላ ጠጣ። ድንኳኑ ሳይፈርስ «ጠላው ቀጠነ» ሲሉ በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይህ ነው። ብዙም ሳይቆይ አገሩ ሰላም አጣ፣ እንግዳ ቀረ፣ በቅሎዎቹ ቆመው መብላት ጀመሩ። የእቁቡን መዋጮ አቋረጥኩ። የእቁቡ ሰዎች እኔ ዘንድ ቢመላለሱ ጠብ የሚል ነገር ሲያጡ ወደ ዋሴ ሄዱ። እህቴ ላሟን ሸጣ ከፈለች።

እግሯ ሥር ወድቄ «እመልስልሻለሁ» አልኳት። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለችኝ። «በይ ሂጂ፤ ልጆቼ ሲያዩሽ ይከፋቸዋል።»

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠላኝ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ሽንኩርቴ ላይ ወደቅሁ። ሆስፒታል ሲወስዱኝ ሐኪሙ፣ ገና ወጣት ነው፣ «እናቴ፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል። መድኃኒቱን ይዋጡ፤ ግን የሚያስጨንቅዎት ነገር ካለ እሱን ኪኒን አያወርደውም» አለኝ። ባለቤቴን ባየው ጊዜ መሬት መሬት ያያል።

ከጎኔ ሽንኩርት የምትሸጠዋ እትዬ ዘውዴ ናት ወደዚህ ጸሎት ቤት ይዛኝ የመጣችው። ልንገራችሁ፣ ጌታን ፈልጌ አይደለም የመጣሁት። ዕዳዬን በተአምር ያነሣልኛል ብዬ ነው። መጋቢ ሲጸልዩልኝ ግን ስለ ገንዘብ አንድም ቃል ከአፌ አልወጣም። አለቀስኩ፣ አለቀስኩ፣ ልቤ ቀለለኝ። ሃሌሉያ። ጌታ በዚያ ቀን አገኘኝ፣ ስሙ ይባረክ።

ከጉባኤው ስንወጣ «እትዬ ዘውዴ፣ ጌታ ዕዳዬን ከፍሎልኛል» አልኳት። ቆመችና አየችኝ። «የኃጢአትሽን ከፍሏል» አለች። «የእህትሽን ላም ግን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ።» ተቀየምኳት፤ ምነው ደስታዬን ባታበላሽብኝ ብዬ። በኋላ ገባኝ። ጌታ በእርሷ አፍ ነበር የተናገረኝ።

ጆሮዬ ላይ የነበረውን ወርቅና ቡፌውን ሸጥን፤ በእርሱ አንዲት ጥጃ ገዛን። ልደት ስጠራ «የለኝም» ማለትን ተማርኩ። ይህቺን ቃል ለማውጣት የታገልኩትን ጌታ ያውቃል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ አላመነም፤ ለጥጃዋ ሣር የሚያጭደው ግን እርሱ ነበር። ጥጃዋ አደገች፣ ጊደር ሆነች፣ አርግዛ ከበደች። የእኔም ግፊት ወረደ፤ ሐኪሙ ራሱ ተገርሟል። መድኃኒቴን አልተውኩም። ክብር ለጌታ ይሁን።

አሁን ወደ መራራው ልምጣ። ልጄ ልታገባ ነው፤ ታውቃላችሁ። ከመካከላችን እህቶች ቤቴ መጡ። ስም አልጠራም። ኬክ፣ ቪዲዮ፣ ለሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ልብስ፣ የአዳራሽ ጌጥ ሲቆጥሩ ዋሉ። «ከየት አምጥቼ?» ስላቸው «በእምነት ተበደሪ፣ ጌታ ይሰጣል» አሉኝ። አንዷማ በሩ ላይ የታሰረችውን ጊደር አይታ፣ «ይቺን ብትሸጡ ይበቃል እኮ» አለች። ቅዱሳን፣ በአማቴ ተዝካር ስትስቁብኝ የከረማችሁ እናንተ አይደላችሁም? በሬውን ትተን ኬክ ካረድን ምን ተለወጥን?

ልጄ ደግሞ አለቀሰች። «እማ፣ ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ። የራሴን አፍ በልጄ ፊት ላይ አየሁት። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ጡት ሳጠባት አብሬ ነው ያጠባኋት። እንደዚያ ቀን ተቃጥዬ አላውቅም።

ትናንት ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ጊደሯን አይሱዙ ላይ ጭነን ዳባት ወረድን። እህቴ በሩን ከፈተች። ትስመኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳመችኝም። ጊደሯን ዞራ አየቻት፣ ጥርሷን አየቻት፣ ገመዱን ከእጄ ተቀብላ አሰረቻት። ሰርጉን ነገርኳት። «ጊደሯ ስትወልድ እናያለን» ብላ ገባች። ውኃ እንኳ ጠጡ አላለችንም፤ አይፈረድባትም። ስመለስ መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ፤ ሌሊቱን ግን ከስንት ዘመን በኋላ እንደ ሕፃን ተኛሁ። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

ልጄ እዚያ ኋላ ተቀምጣለች። ከትናንት ጀምሮ አላናገረችኝም። ልጄ፣ ስሚኝ፤ ያለ ኬክ እድርሻለሁ፣ ለሰርግሽ ብዬ ግን ማንንም ዋስ አላስገባም።

ቅዱሳን፣ በጌታ ታመኑ፤ ከሰው አፍ የሚያድን እርሱ ብቻ ነው። ለሰርጉ ሁላችሁም ተጠርታችኋል። የሚቀርበው ንፍሮ፣ ዳቦና ሻይ ነው። ብቻ አደራ፣ ተበድራችሁ ስጦታ ይዛችሁ እንዳትመጡ።