የረቡዕ በሽታ

በደርግ ጊዜ ሾኔ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ታዲያ ረቡዕ በደረሰ ቁጥር ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ አንገቴ ላይ ሽፍ ይልና ያሳክከኛል፣ ልቤም ዝም ብሎ ድው ድው ይላል። ለጨጓራዬ ተልባ ጠጣሁ፣ ለአንገቴ ቅባት ቀባሁ፣ ለልቤ ጸለይኩ። ምንም ጠብ አላለልኝም። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ሌላ ከተማ፣ ሀደሮ ክሊኒክ ሄድኩ።

ሽማግሌው ድሬሰር በጥሞና ሰምቶኝ፣ "ሦስት በሽታ አይደለም ልጄ፣" አለኝ። "ጭንቀት ሆድንም ቆዳንም ይነካል። ሽሮፑን ውሰድ፣ ምግብ አትዝለል፣ በጥፍርህ አትከክ። ያስጨነቀህን ነገር ደግሞ ለሰው ተናገር፤ ብቻህን አትችለውም።"

ውጭ አግዳሚ ላይ ሽሮፔን ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው ሆዱን ይዞ አንገቱን ያካል።

"እርስዎንም ያምዎታል?" አልኩት።

"ረቡዕ ረቡዕ ይብስብኛል፣" አለኝ።

ወንድሜን ያገኘሁ መሰለኝ። የሽማግሌውን ምክር እዚያው ልፈጽም ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ የረቡዕ የውይይት ክበብ እንደሚያስፈራኝ፣ ተነስተህ ግለ ሂስ አድርግ ስባል ሆዴ እንደሚነድ፣ አንዱንም አላስቀረሁም። ራሱን በሐዘኔታ ነቀነቀና "አይዞህ" አለኝ። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ቀለል ብሎኝ ገባሁ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ክበባችንን የሚመራ አዲስ ካድሬ ተመድቦ መጣ። ያ የአግዳሚው ሰው ነው።

"ጓዶች፣" አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ፤ "መሀላችን ውይይት ሆዱን የሚያቃጥለው መምህር አለ። ይነሳና ግለ ሂስ ያድርግ።"

ይህን ሲል አንድ እጁን ኮሌታው ስር አስገብቶ አንገቱን ያክ ነበር።