የተዋስኩት ሰማይ

ባለፈው እሑድ መሳቢያዬን ሳጸዳ የጠርሙስ ክዳን የምታህል ፈዛዛ ቢጫ መስታወት እጄ ገባች። ወደ መስኮቱ ዘርግቼ አየሁባት። የግቢው ብርሃን ድንገት የመስከረም ከሰዓት መሰለኝ፤ የሰበታ እርጥብ ሣርም ሸተተኝ። ሽታው የእውነት ይሁን አእምሮዬ የፈጠረው፣ በዚህ ዕድሜዬ አልምልልህም።

በንጉሡ ዘመን ጓደኛዬና እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርን። ለክረምት ዕረፍት ወደ ሰበታ ስንመለስ ሁለታችንም ካሜራ አንጠልጥለን ነበር፤ የእርሱ ሌንስ ሰፊ፣ የእኔ ጠባብ። በጥቁርና ነጭ ፊልም ሰማዩ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይወጣል፤ ሌንሱ ላይ ባለቀለም መስታወት ሲገጠም ግን ሰማዩ ይጠቁርና ደመናው ይጎላል። የእኔ ቢጫ ብዙም አትረዳም ነበር። የእርሱ ብርቱካናማ መስታወት ግን ተአምር ይሠራል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ብረት መቅረጫ ቶርኖ ቤት የናስ ቀለበት አስቀርጾ ሰፊውን መስታወቱን ለእኔ ጠባብ ሌንስ እንዲገጥም አደረገው። ጠባቧን የእኔን በእርሱ ሰፊ ሌንስ ላይ ስንሞክር የፎቶው ማዕዘኖች ጠቁረው ቀሩ።

«የኔ ላንተ ይሆናል፤ ያንተ ግን ለኔ አይበቃም» አለኝ እየሳቀ።

ክፋት አልነበረበትም። ያቃጠለኝም ይኸው ነበር፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው ባረፍኩ። ሁልጊዜ ሰጪው እርሱ፣ ተቀባዩ እኔ።

የሰፈራችንን ባለሱቅ ልጅ ለማንም ሳልነግር እወዳት ነበር። ለነርስነት ትምህርት ልትሄድ ስትል፣ ከወጨጫ ተራራ ፊት ፎቶ እንድናነሳት ለመነችን። ይዛው የምትሄደው ፎቶ የእኔ እንዲሆን ተመኘሁ፤ ሌላ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም።

ቢጫዬን ስገጥም ጓደኛዬ ሽቅብ አየና ብርቱካናማውን ከራሱ ሌንስ ላይ ፈታው።

«እንካ፣ የዛሬው ደመና ያንተ ይሁን። እኔ ያለ መስታወት አነሳታለሁ።»

እምቢ ልል ፈለግሁ። ደመናውን አየሁና ተቀበልኩት። ቀለበቱ ግን ቶሎ አልዞር አለኝ።

«እናንተ ኦቦዎች!» ብላ ተጣራች ልጅቷ። «ፎቶ ታነሱኛላችሁ ወይስ ጠርሙስ ስትቀያየሩ ይመሻል?»

«ታገሺ እንጂ፣ ሰማዩን ቀለም እየነከርንልሽ ነው!» አላት ጓደኛዬ ከጎኔ ቆሞ።

ሳቀች። ያኔ የካሜራዬን ቁልፍ ተጫንኩት። ዓይኖቿ ቀጥ ብለው ሌንሴ ውስጥ ነበሩ፤ ዛሬም ትዝታዬ የሚለኝ እንዲሁ ነው።

በማግስቱ በእነ ጓደኛዬ ጓሮ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ በሸፈንነው ክፍል ውስጥ ፎቶዎቹን ማጠብ ጀመርን። በቀዩ አምፖል ሥር፣ ኮምጣጤ በሚሸት አየር፣ ሳህኑ ላይ ባለው መድኃኒት ውስጥ፣ መጀመሪያ ደመናው፣ ከዚያ ተራራው፣ በመጨረሻ እርሷ ብቅ አለች።

«ወይ ጉድ! ደመናውን እየው!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። «በገዛ መስታወቴ እንዲህ ያለ ሰማይ አንስቼ አላውቅም። አንተ ሌባ!»

ደስታው ከልቡ ነበር። እኔ ግን ደመናውን አላየሁም። ዓይኖቿ እኔን አልፈው ከፎቶው ጠርዝ ውጪ ይመለከቱ ነበር። ትዝታዬ ሌላ ይላል፤ ወረቀቱ ግን ይህንኑ ነው ያሳየኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር።

«ደመናውን ተወው» አልኩት በመጨረሻ። «ዓይኗን እይ።»

«ወዴት ነው የምታየው?»

«ከጎኔ የቆመው ማን ነበር?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ፎቶው መድኃኒቱን ጨርሶ እስኪረጋ ድረስ ከሳህኑ ላይ አንገቱን አላቀናም። ከዚያ ውሃው እየተንጠባጠበ በሁለት ጣቱ አነሣውና እንደዚያው ወጣ። በሩን መዝጋት እንኳ ስለረሳ፣ የገባው ብርሃን ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ያልታጠቡ የፎቶ ወረቀቶች ሁሉ አበላሸብን። ጫማው በጠጠሩ ላይ ወደ ሱቁ አቅጣጫ ሲሮጥ ሰማሁት።

ይዛው የሄደችው የእኔን ፎቶ ነው። የሰጣት ግን እርሱ ነው።