«የዚህ ውኃ አባቱ ማነው?»

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ... አባቴ ጣና ዳር ቆሞ ጠበል ተረጨ። ታመመ ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ ደህና ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አስቀድሜ አላስረዳሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ኮቦ ዳር የሚኖር ገበሬ ነው፣ የሰፈሩም የውኃ አባት ነው። ለማታውቁ... እኛ ቆላ ዝናቡ ስስታም ነው። ማሽላችን የሚበቅለው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን ማሳ ውስጥ ስናስገባው ነው። ያንን ጎርፍ በተራ የሚያከፋፍለው ሽማግሌ «የውኃ አባት» ይባላል። ሹመቱ ደሞዝ የለውም፣ ስድብ ግን እንደ ጉድ ነው።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ጎርፍ መጣ። የአባቴ ማሳ ጠጣ። ቀጥሎ ተራው የአያ ሙሄ ነበር፣ የሠላሳ ዓመት ጎረቤታችን። ውኃው እሱ ቦይ አፍ ሲደርስ... ቆመ። አለቀ በቃ። አያ ሙሄ አካፋውን ተሸክሞ መጣና «ሲሳይ፣ ውኃውን ለራስህ ጠጥተህ ጭቃውን ላክህልኝ አይደል?» አለው። አባቴ «ተራ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለ፣ መጠያየቅ የለ። ለቡሄ የላክንለት ዳቦ እንኳ ከነሰሐኑ ተመለሰ።

አባቴ እህል አልበላ አለው። ሰው ሲያዋራው «እህ» ብቻ። ሲስቅ ያየሁበትን ቀን ረሳሁት። ሰው ከጎረቤቱ ተኳርፎ ይሞታል እንዴ? እኔ ፈራሁ፣ እውነቴን ነው።

ኮሌጅ አብራኝ የተማረች የሺ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፣ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች የአንዷ ልጅ ናት። «አምጫቸውና ንፋስ ይቀበሉ» አለችኝ። አባቴን ስንት ለምኜ፣ እሱም «ባዶ እጄን ሰው ቤት አልገባም» ብሎ አንድ እስር ጥንቅሽ ተሸክሞ፣ በጀልባ ተሻገርን። መንገዱን ሙሉ ጥንቅሹን አልለቀቀም።

ደሴቷ ግን... ወይኔ ጌታዬ! የማንጎው ጥላ፣ የወፉ ጫጫታ፣ ከደንገሉ መሃል ብቅ የምትለው ታንኳ። የየሺ እናት፣ እማማ ጥሩ፣ ዓሣውን ከታንኳ ተቀብለው ወዲያው ፍም ላይ ጣዱት። ሽታው ብቻውን ያጠግባል። «በሉ አያ ሲሳይ፣ እጅዎን ይታጠቡና ይቅረቡ» አሉት ወደ ሐይቁ እያሳዩ።

አባቴ ውኃው ዳር ሄዶ ቆመ። እጁን ዘረጋ... መልሶ ሰበሰበው። ዞር ብሎ «የዚህ ውኃ አባቱ ማነው?» አለ።

እማማ ጥሩ ሰሐን እንደያዙ ዞሩ፣ አባቴ ቀጠለ።

«ሳላስፈቅድ አልነካም። በውኃ የደረሰብኝ ጣጣ ይበቃኛል።»

እማማ ጥሩ የያዙትን ሰሐን አስቀምጠው አማተቡ። «በስመ ሥላሴ! ኧረ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም! ለውኃ የሚያርዱት ድሮ ነበሩ ይባላል እንጂ...»

«ማረዱስ ይቅር» አለ አባቴ፣ «ተራ ብቻ ያሲዙኝ።»

ለካ እሳቸው የውኃ ጋኔን የሚያነጋግር እንግዳ የመጣባቸው መስሏቸዋል! የሺን ጎተት አድርገው «ሰውዬው ነገር አለባቸው እንዴ?» አሏት። እኔ ላስረዳ ብል አፌ ጥንቅሽ ሞልቶታል፣ ትን አለኝ። በዚህ መሃል እማማ ጥሩ ጠበል በጆግ ይዘው ከች! አባቴ የሚያስታጥቡት መስሎት ጎንበስ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ የተፈቀደልኝ ይሄ ነው?» ብሎ መዳፉን ሲዘረጋ... ፊቱ ላይ ቸለሱበት።

ትንታው ሲለቀኝ ሁሉንም አስረዳሁ። እማማ ጥሩ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። የሺማ አለቀች። አባቴ ከጢሙ ላይ ጠበል እየተንጠባጠበ እኛን አየ፣ አየና... ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ከሐምሌ ወዲህ ጥርሱን ሳየው መጀመሪያዬ ነበር።

«የዚህ ውኃ አባቱ ሥላሴ ናቸው» አሉት እማማ ጥሩ እንባቸውን እየጠረጉ። «ተራም የለው፣ ከልካይም የለው። ይግቡበት።»

ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገባ። ብዙ ቆመ። ወጥቶ ዓሣ ቀረበለት፣ በሕይወቱ ቀምሶ አያውቅም። «ይሄ ነገር እሾህ አለው» ብሎ ጠረጠረው። ቀና ስል ሦስተኛው ላይ ደርሷል!

ከበላ በኋላ እጁን ወደ ስልኬ ዘረጋ። «ለሙሄ ደውይልኝ። የኔን አያነሣም።»

ጠራ... ተነሣ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ... ሲሳይ።»

አያ ሙሄ ይዘጋዋል ብዬ ፈራሁ። ግን አልዘጋውም።

«ሙሄ፣ ደሴት ላይ ነኝ። ጫፉ የማይታይ ውኃ ፊቴ ተኝቷል። ሳየው አንተ ትዝ አልከኝ፣ አካፋህን ይዘህ ስትጠብቅ። ያን ቀን... የኔ ማሳ ከጠገበ በኋላም ውኃውን ትንሽ አቆይቼዋለሁ። ይቅር በለኝ።»

እኔ ክው አልኩ። ይህን ለእናቴም አልነገራትም።

«አውቃለሁ» አለ አያ ሙሄ። «አይቼሃለሁ። ከአፍህ እስኪወጣ ነበር የምጠብቀው። አፉ ብያለሁ፣ አላህ ለሁላችንም አፉ ይበለን።»

አባቴ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። እኔም በልቤ ተመስገን አልኩ፣ ደጋግሜ። የአያ ሙሄ ድምፅ እንደገና መጣ።

«ኧረ ሲሳይ... ውኃው የእውነት ብዙ ነው?»

«ወላሂ ብዙ ነው!» አለ ክርስቲያኑ አባቴ።

«እንግዲያው ለኔም ተራ ያዝልኝ።»

የኛ አገር ሰው ባሕር ቢሰጡትም ተራውን አይለቅም... ተመስገን።